ከክሱ ያወጣሁት ጌሾ

ልብ ወለድ መጻፍን የት እንደ ተማርሁ የሚጠይቁኝ ወጣቶች መልሴን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ስመ ጥር ደራሲ ዘንድ እንድላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የተማርሁት ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ በሚጽፍ ራፖር ጸሐፊነት ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት አንዲት የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ እሽግ ካርቦን ወረቀትና ለባለጉዳይ የምትሆን አንዲት ዱካ ይዤ እዚያ ተቀምጫለሁ። ዝናብ ሲመጣ ከሳሹም ተከሳሹም እኔም ከአንዲት የቆርቆሮ ክዳን ሥር ተጠጋግተን እንቆም ነበር። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ባለጋራን ከባለጋራ ያስተቃቅፋል።

ከዚያ ወዲህ መምህር ሆኛለሁ፤ የሬዲዮ ድራማ ጽፌአለሁ፤ አራት ረጅም ልብ ወለድና ሁለት የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አሳትሜአለሁ። ሁሉም ስለ ግፍ ናቸው። በዚሁ ጉዳይ ላይ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ስሕተቶቼን አስቀድሞ ቢሰማ ጥቂት ዓመታት ያተርፍ ይሆናል በሚል ነው ይህን የምጽፈው። አንዱ ስሕተቴ እኔን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰውም ጎድቷል፤ እሱን ዘግየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ክስ መጻፍ ጥብቅ ሙያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። ማስረጃው በቁጥር 223 መሠረት ይያያዛል። ከግርጌው «ከላይ የቀረበው በእውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ይባልና ይፈረማል፤ መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ባለጉዳዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያወራውን ራፖር ጸሐፊው በአንድ ገጽ ተኩል ይከተዋል። ጎበዝ የሚባለው መቁረጥ የሚያውቀው ነው። እኔም ጎበዝ ነበርሁ።

በ1986 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አንዲት ሴትዮ ከማቻከል በኩል በእግራቸው መጡ። ሃምሳን ያለፉ ይመስላሉ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፤ ነጠላቸውን ግን ከቦርሳ አውጥተው ከአጥሩ ሲደርሱ ነው የለበሱት መሰለኝ፣ ጠብታ ጭቃ የለበትም። ባላቸው ከሞተ ገና መንፈቁ ነው። የባላቸው ወንድም ሁለት ጥማድ መሬታቸውን አርሶ ገብቶባቸዋል።

«መጀመሪያ ጌሾዬን ቆረጠው» አሉኝ፣ ገና ዱካው ላይ ሳይደላደሉ።

«መሬቱ ስንት ጥማድ ነው፣ እማማ?»

«ሁለት። ጌሾውን የተከልሁት በሠርጌ ዓመት ነው። ችግኙን ከእናቴ ጓሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።»

«በሰሜን ማን ያዋስነዎታል?»

«የልጆቼ የክርስትና ጠላ በእሱ ነው የተጠመቀው። የባሌ የአርባውም። ለአርባው ቅጠሉን ለቅሜ፣ የለቀምሁት ገና አስጥቼው ሳይደርቅ ነው በገጀራ የጣለው። ከሥሩ ነው የጣለው፣ ልጄ።»

እኔ በልቤ የያዝሁት የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው። ያ ክስ የሚፈልገው የታወቀ ነው፤ ይዞታው የከሳሽ እንደ ነበረ፣ ተከሳሽ በኃይል እንደ ገባ፣ የገባበት ቀንም፣ ሁለት ዓመት ካለፈው ክሱ አይቀርብምና። አዋሳኞቹን በአራቱም ማዕዘን ማወቅ አለብኝ። ከኋላቸው ሦስት ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። ስለዚህ ረጋ ብዬ፣ እንደ አዋቂ፣ «ጌሾው ለችሎቱ አይጠቅምም» አልኋቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያስ እኔ ምን ልከስ መጣሁ?» አሉ።

ክሱን ጻፍሁላቸው። ጥሩ ክስ ነበር፤ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ተፈረደላቸው፤ መሬቱም ተመለሰ። ዛሬ ሳስበው ጌሾውን በካሣ በኩል ማስገባት ይቻል ነበር፤ ዋጋው ተገምቶ ይህን ያህል ብር ይባላል። ያን ለማሰብ እንኳ አልቆምሁም። ብቆምም ግምቱን ሲሰሙ ይበልጥ የሚከፉ ይመስለኛል።

የዚያን ቀን ማታ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቼ ገባሁና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጌሾ። እርጥብ ጨርቅ። ገጀራ። አርባ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ጀምሮ ማታ ማታ በየቀኑ ከክሶቹ ቆርጬ ያወጣሁትን እጽፍ ጀመር። ሙሉ ታሪኩን መጻፍ አያስፈልግም፤ ችሎቱ የማይፈልገውን ብቻ። አንድ ሰውዬ የበሬውን ስርቆት ሊከስ መጥቶ ሌባው የበሬውን ቃጭል ፈትቶ ደጅ ላይ ትቶለት መሄዱን ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ክሱ ውስጥ ቃጭል የለም፤ ደብተሬ ውስጥ አለ። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ከተወሰነባቸው መካከል «ቢሮክራሲ» የተባሉት ይገኙበት ነበር፤ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሹመት ላይ የነበሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ማመልከቻ ሊያጽፍ መጣ። የማኅበሩን መዝገብ የያዘው ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን አስረድቶ ጨረሰና ሊነሣ ሲል ትንሹ ልጁ «አባዬ፣ ቢሮክራሲ ምንድን ነው?» ብሎ እንደ ጠየቀው፣ እሱም ፍቺውን ስለማያውቅ «የእኛ ስም ነው» ብሎ እንደ መለሰለት ነገረኝ። ያን ማመልከቻ ላይ ብጽፈው ኖሮ የሚያነበው ሹም ይስቅ ነበር። ራፖር ጽሕፈትን ስተው እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ደብተሮች ነበሩኝ። እስከ ዛሬ የምጽፈው ከእነሱ እየቀዳሁ ነው።

ስለዚህ ምክር ከተባለ ይህችን እሰጣለሁ። የተበደለ ሰው ሲያወራ በደሉን የሚጀምርበትን ቦታ ልብ በሉ። ዳኛው፣ ጋዜጠኛው፣ የእርዳታ ሠራተኛው «ወደ ጉዳዩ ግባ» ብሎ የሚያቋርጠው እዚያው ላይ ነው። ደራሲ እዚያ ላይ ማቋረጥ የለበትም።

ይህን ግን ወዲያው አልተረዳሁም። ደብተሮቹ እየሞሉ፣ በ1990 ዓ.ም. ያሳተምሁት የመጀመሪያ ልብ ወለዴ ከእነሱ አንድ መስመር አልወሰደም። ልብ ወለድ ትልቅ ነገር ነው፣ ጌሾና ቃጭል አይገባበትም ብዬ ነበር። በጃንሆይ ዘመን የነበረ አንድ ባላባት ፈጠርሁ፤ ሆዱ ትልቅ፣ ጅራፉ ረጅም፣ ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው ሲያስለቅስ የሚውል። ጭሰኞቹ ደግሞ እንደ ርእሰ አንቀጽ ነበር የሚናገሩት። ረቂቁን ማታ ማታ ለአክስቴ አነብላት ነበር፤ ማንበብ አትችልም፣ ጆሮዋ ግን ስለት ነው። እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች። ምዕራፍ ስምንት ላይ እንዝርቱን አቆመችው።

«ይህ ሰውዬ እንጀራ አይበላም?»

«ባላባቱ? ይበላል እንጂ።»

«ሲበላ አላየሁትም። ክፉ ሰው አውቃለሁ እኔ። አባቴ ክፉ ነበር፤ እናቴን እጇን ሰብሯታል። ማታ ማታ ግን ለበሬው አሞሌ ጨው በእጁ ያስልሰው ነበር፤ ዓይኑ እንባ እየሞላ። ይህን ያንተን ሰውዬ አላውቀውም።»

ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንሁ። ሁለት ሺህ ቅጂ አሳተምሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ አልጋዬ ሥር የቀረውን ስቆጥር አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ነበር። አክስቴ «ተሸጠ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ጨዋነቷ ነው።

ጎጃም በዚህ ነገር አስተማሪ አጥቶ አያውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ክስ የምጽፍበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሁለቱን መጻሕፍት ከአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አኑሬአቸዋለሁ። ሐዲስ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተዋል፤ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል፤ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነዋል። ያ ልብ ወለድ ሲወጣ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ገደማ ነበር። ዘገየን ለሚሉ ሁሉ ይህን እነግራለሁ። ከአክስቴ ተግሣጽ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ሳነበው ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻን በሌላ ዓይን አየኋቸው። ገበሬውን ሊያስገብሩ ሲዘምቱ የሚያስቁም የሚያሳዝኑም ናቸው፤ እንጀራ ይበላሉ። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የያዘው። በ1955 ዓ.ም. ባወጣው «አልወለድም» ውስጥ ፅንሱ ገና ከማኅፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል፤ መጽሐፉም ታገደ። አቤ በብዕሩ ብቻ ሊኖር የደፈረ ሰው ነው። ያን ድፍረት አደንቃለሁ፤ ለአራት ልጆች አባት ግን አልመክርም። እኔ ደመወዝ ሳይኖረኝ የጻፍሁት ገጽ ሁሉ ይቸኩላል፤ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ገጸ ባሕርያቴ ሁሉ በአንድ ምዕራፍ መሞት ይጀምራሉ።

በ1993 ዓ.ም. በማታ ባገኘሁት ዲፕሎማ ከደምበጫ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የአማርኛ መምህር ሆኜ ተመደብሁ። ስለ ማስተማሩ የምለው ብዙ የለም፤ ደብተር ሲታረም ዓይን ይደክማል። የሁለተኛው መጽሐፌ ነገር ግን ከዚያ ነው የመጣው።

ከተማዋ የቅዳሜ ገበያ አላት፤ በገበያው ዳር፣ ከከብት ተራው አጠገብ፣ ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጣሉ። ከእነሱ አንዷን ሦስት ዓመት ያህል ተመልክቻለሁ። ገዢ ይመጣል፤ ጀበናውን አንሥቶ በጣቱ መገጣጠሚያ ይኳኳዋል፤ ድምፁ ጠርቶ ከወጣ ስንጥቅ የለውም። በአፉ ይነፋበታል፤ ውኃ አስፈስሶ ያያል። ዋጋ ይከራከራል። ሲስማሙ ብሩን እጇ ላይ አያኖርም፤ መሬት ላይ፣ ከድስቱ ክዳን ላይ ያኖርላታል፤ እሷም ገዢው ፊቱን እስኪያዞር ጠብቃ ታነሣዋለች። ገዢው ድስቱን ቤቱ ወስዶ ያሟሸዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ወጥ ይሠራበታል፤ ከሴትዮዋ እጅ ግን ውኃ አይጠጣም። ዓይኗ ይበላል ይባላልና። ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን ቡዳ የሚለው ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ፤ «ጨዋ» ነው የሚለው። አማርኛን አብዝቼ እወዳለሁ፤ በዚህች ቃል ግን ሁልጊዜ አፍርበታለሁ።

የሴትዮዋ ልጅ ሰባተኛ ክፍል የእኔ ተማሪ ነበረች። ሦስት ሰው በሚይዝ ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። ይህን ልብ ያልሁት በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ነው። ስለ ግፍ እጽፋለሁ የምል ሰው፣ በየቀኑ ዐርባ ደቂቃ ፊቴ ቆሞ የነበረውን ለአምስት ወር አላየሁትም።

መጽሐፉን ስጽፍ የአክስቴን ተግሣጽ አልረሳሁም፤ ገዢዎቹም እንጀራ በሉ፣ ልጆቻቸውንም ወደዱ። ስም ቀየርሁ፤ ከተማውን ወደ አዊ አዛወርሁ። መጽሐፉ በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ ተነበበ፤ ሦስት ሺሁ ቅጂ አለቀ። በዓመቱ አንዲት ወጣት ቤቴ ድረስ መጣች። ሥራ ይዛ ባሕር ዳር ትኖራለች፤ ያች ተማሪዬ ናት። ቡና ሲቀርብላት አልነካችውም።

«መምህር፣ እናቴ ገበያ መውጣት ትታለች» አለችኝ።

ምክንያቱን ጠየቅኋት። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሸክላ ሠሪ ግራ እጅ አንጓ ላይ ከእሳት የተረፈ ጠባሳ አለ፤ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል። እናቷም አላት። ሸክላውን ስትደረድር ከትንሹ ጀምራ ትቆጥራለች፤ እናቷም እንዲሁ። ስም ቀይሬ ሴትዮዋን እንዳለች ነበር የተውኋት። ገበያተኛው መጽሐፉን ያነበበ ልጅ ነግሮት «ይህችማ መጽሐፍ የወጣባት ናት» እያለ ሊያያት ይመጣል።

«እሷ ይቅር። እኔ ባሕር ዳር የማን ልጅ እንደ ሆንሁ አንድ ሰው አያውቅም ነበር። እጮኛዬ አያውቅም ነበር። እርስዎ ለእኛ ብለው እንደ ጻፉት አውቃለሁ። ለእኛ ብለው ሲጽፉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁንም።»

ሐሰት አልጻፍሁም፤ ስም አላጠፋሁም፤ ሕግ ፊት የሚያስጠይቀኝ ነገር አልነበረም። ይህ ሁሉ ያን ቀን ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ ራፖር ጸሐፊው በውስጤ አልሞተም። ዝም ማለቴ ደግ ነበር። ሁለተኛ እትም ሊታተም ተስማምተን ነበር፤ አስቆምሁት። ጠባሳውን አጥፍቼ፣ የእናትየዋን ሥራ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ቀላቅዬ፣ አደራደሩን ቀይሬ በሦስተኛው ዓመት እንደገና አወጣሁት። እናትየዋ ገበያ ተመለሰች። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ያ ነገር የአሠራሬን ልማድ ቀየረው። አሁን ከእውነተኛ ሰው ሕይወት የወሰድሁት ካለ ረቂቁን ወስጄ አነብለታለሁ፤ ሰውዬው ካልተገኘ ለቅርብ ሰው። በሰውነት ላይ ያለ ምልክት፣ የአነጋገር ልማድ፣ የቤት አቀማመጥ፣ እነዚህ ከስም ይልቅ ሰውን ያጋልጣሉና መጀመሪያ የምቀይረው እነሱን ነው። ከአንድ ሰው ብቻ ገጸ ባሕርይ አልሠራም። ጊዜ ይፈጃል። አንዳንዴም እምቢ ይሉሃል፤ ሁለት ታሪክ በዚህ ምክንያት ደብተር ውስጥ ቀርተዋል፤ ይቅሩ።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ድራማ ጻፍሁ፤ ጉዳዩ ያለዕድሜ ጋብቻ ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜ አሥራ ስምንት ነው፤ የክልሉም የቤተሰብ ሕግ እንዲሁ። ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ ትምህርት እንዲኖር፣ አባትየውም በአሥረኛው ክፍል እንዲታሰር ፈለጉ። እኔ ደግሞ አባትየው ልጁን እንዲወድ ፈለግሁ። በአገራችን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ላለመደገስ ሲል ታናሺቱን በታላቂቱ ድግስ ላይ ደርቦ ይድራል፤ እህሉ አንዴ ተፈጭቷል፣ ጠላው አንዴ ተጠምቋል፣ ዳሱ ተጥሏል። በሌላው ድግስ ሲበላ የኖረውን ብድር የሚመልስበት ቀን ነው። በድራማው አባትየው ሌሊት ተነሥቶ የጤፉን ኩንታል በሹክሹክታ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ መሀል «ትንሿም አብራ ትሂድ» ይላል፤ ከዚያ መቁጠሩን ይቀጥላል። ሬዲዮ ላይ ሰው አይታይም፤ ያ የሹክሹክታ ቁጥር ግን ተሰማ። ከገበሬ አድማጮች የመጣው ደብዳቤ የበዛው በዚያ ክፍል ላይ ነበር። አባትየው በመጨረሻ ታሰረ፤ እዚያ ላይ ተሸነፍሁ። በሌላ ሰው ገንዘብ የምትጽፉ ከሆነ የትኛውን ትዕይንት በሞት እንደማትለቁ አስቀድማችሁ ምረጡና ሌላውን ስጧቸው።

ሦስተኛው ልብ ወለዴ ስለ 1960ው የጎጃም ገበሬ አመፅ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው ከግብሩ ይልቅ ከኋላው ይከተላል ያለውን ቀላድ፣ ማለትም የመሬት ልኬት፣ ፈራ፤ ቀላዱ ርስታችንን ይበላል አለ። ሞጣና ቢቸና ተነሡ፤ መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ደበደበ፤ በስተመጨረሻ ግን ግብሩን መሰብሰብ ትቶ ውዝፉን ማረ። ሽማግሌዎችን እየዞርሁ ጠየቅሁ፤ ሦስት መቶ ገጽ ጻፍሁ፤ ገበሬዎቼ ሁሉ ጀግኖች ነበሩ። ሥራውን ጨርሻለሁ ብዬ ሞጣ ላይ አንድ አዛውንት ሙስሊም ሸማኔ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጥሁ። ከመወርወሪያቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ ሰሙኝና «እናንተ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብላችሁ ጫካ ገባችሁ። እኛ ከነጭራሹ ርስት አልነበረንም። እኛ ማን ላይ እንሸፍት?» አሉኝ።

መቶ ሃያ ገጽ ጣልሁ። የተገፋው ገበሬ ራሱ የሚገፋው ሰው በጎረቤቱ ነበረ፤ ይህን እያወቅሁ፣ ያውም ስለ ሸክላ ሠሪዋ ከጻፍሁ በኋላ፣ አመፁ ስላማረኝ ረሳሁት። መጽሐፉ ከእኔ ሥራዎች ሁሉ ጥቂት የተሸጠው ነው፤ የምወደውም እሱን ነው።

ስለ ገንዘብ ደግሞ በአጭሩ። መጽሐፎቼን ያሳተምሁት በራሴ ብር ነው፤ ለማተሚያ ቤቱ ግማሹን አስቀድሜ፣ ግማሹን ስረከብ እየከፈልሁ። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶ ያህል ይወስድብኛል፤ የቀረውን የሚከፍለው ሲሸጥ ነው። ለመጀመሪያው የሰጠሁት አንድ አከፋፋይ እስከ ዛሬ ሒሳብ አላቀረበልኝም፤ ስንት መውሰዱን የሚያሳይ አንድ ብጣሽ ወረቀት አልነበረኝም። ለሌላው ሰው ውል ሲጽፍ የኖረ ራፖር ጸሐፊ ለራሱ በቃል ተዋዋለ። እናንተ ጻፉት፤ የቅጂው ብዛት፣ የመክፈያው ቀን፣ ሳይሸጥ የሚመለሰው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ መብቱ ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የደራሲው ነው ይላል፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ይጠበቃል። በቴሌግራም የሚበተነውን አላስቆመልኝም፤ አንድ አሳታሚ ከሁለት ታሪኮቼ ሳያስፈቅድ ሲወስድ ግን አዋጁን ጠቅሼ አንድ ደብዳቤ ብጽፍለት በሳምንቱ ከፈለኝ።

አራተኛው ልብ ወለድ የጌሾው ነው። ወደ እሱ ለመመለስ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ የተማርሁትን ሁሉ አደረግሁ፤ መንደሩን ከአባይ ማዶ ወሰድሁት፤ የባልየውን ወንድም የእናት ወንድም፣ አጎት አደረግሁት፤ ጌሾውን ከጓሮ አንሥቼ ከደጅ፣ ከመግቢያው በር አጠገብ ተከልሁት። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ረቂቁን ይዤ ማቻከል ወረድሁ። ሴትዮዋ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች የልጅ ልጃቸው ሁለት ቀን ሙሉ እያነበበች አሰማቻቸው። እሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይሉ ሰሙ። ጌሾው ላይ ስትደርስ «ቆይ» አሉ።

«ከደጅ አልነበረም። ከጓሮ ነው፤ ከእንስራ ማኖሪያው አጠገብ።»

አውቄ የቀየርሁት መሆኑን፣ ሰው እንዳያውቅዎት ብዬ መሆኑን ነገርኋቸው።

«ማን እንዳያውቀኝ? ያን ጊዜም እንድትጽፈው ብዬ ነው የነገርሁህ። አልጻፍኸውም። አሁን ደግሞ ከደጄ ተከልኸው፤ ከደጅ ጌሾ ማን ይተክላል፣ ፍየል እንዲበላው ነው?» ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «መልሰህ ጓሮ ትከለው። የዚያንም ሰውዬ ነገር እንዳለ ጻፈው። አጎት አይደለም።»

የባላቸው ወንድም ሞቷል፤ ልጆቹ ግን ዛሬም በአጥር ይዋሰኗቸዋል፤ ለክርስትናም ለለቅሶም ይጠራራሉ። ይህን አስታወስኋቸው። «እኔ አላውቀውምን?» አሉኝ።

ሁለት ሳምንት አሰብሁበት። ጌሾውን ጓሮ መለስሁት፤ ከእንስራ ማኖሪያው አጠገብ ነው፣ ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል፤ ከጉቶው አቆጥቁጦ ደህና ቁጥቋጦ ሆኗል። ሰውዬውን ግን አጎት እንዳደረግሁት ተውሁት። መጽሐፉ ወጥቶ ስወስድላቸው ልጅቷን በዚያ ገጽ አስከፍተው አስነበቧት። «አሁንም አጎት ነው?» አሉ። ነው አልኋቸው። ጠላ እንዲቀዳልኝ አዘዙ፤ ገጹን ግን ዳግመኛ አላስነበቡም።